እንጨቱን የሚበላው ማን ነው? ትሉ ወይስ አንጀቱ ውስጥ ያሉት? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ባለፈው እትም ላይ ላም ሳሩን የምትፈጨው ብቻዋን አይደለም፣ ዋናውን ስራ የሚሰሩት ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው ብዬ እግረ መንገዴን ጣል አድርጌ ነበር። ከዛ በኋላ የመጣው ጥያቄ ስለ ላም እንዳይመስላችሁ፣ ሁሉም ስለ ትል ነው! የፍግ ትል፣ የአልጋ ትል፣ የእጣን ዛፍ ትል፣ የብራና ትል... እሺ በቃ ዛሬ አምዱ የትል ነው፣ ምሳ ላይ ያላችሁ ቆየት ብላችሁ አንብቡት።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ጓሮዬ ላይ እበትና ጉድፍ አጠራቅሜ ፍግ አዘጋጃለሁ። ሰሞኑን ለጎመኔ ላወጣ ስቆፍረው አውራ ጣት የሚያክል ነጭ ወፍራም ትል፣ ጥቅልል ያለ፣ ጭንቅላቱ ቡኒ፣ ከኋላው ጠቆር ያለ፣ ሞልቶበት አገኘሁት። ጎረቤቴ መርዝ ርጪበት አለችኝ። ጎመኑን ይበላብኛል እንዴ?

መልስ፦ እትዬ መርዙን ይተዉት። ይሄ የጥንዚዛ ልጅ ነው፣ አድጎ ጥንዚዛ ሆኖ የሚበር። ከኋላው ጠቆር ብሎ ያዩት ደግሞ ቆሻሻ ወይም በሽታ አይደለም፣ የኋላ አንጀቱ ነው፣ ቆዳው ስስ ስለሆነ ውስጡ ያለው ፍግ ይታያል። ያ አንጀት ተለጥጦ የተሰራ ነው፣ ኦክስጅን እምብዛም የለበትም፣ ውስጡ በባክቴሪያ የታጨቀ ነው፣ የላሟ ጨጓራ ከፊት ሆኖ የሚሰራውን ስራ ይሄኛው ከኋላ ነው የሚሰራው ማለት ነው።

ስራው ምንድን ነው ካሉ፣ የገለባው የእንጨቱ የጥጡ የወረቀቱ ዋና አካል ሴሉሎስ የሚባል ነገር ነው፣ ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሰልም ፔየን በ1838 እ.ኤ.አ. ነው ለይቶ ያወጣው። ሴሉሎስ ሲፈታ ግሉኮስ ነው፣ ስኳር! የጤፍ ዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርችም ሲፈታ ያው ግሉኮስ ነው። ልዩነቱ ግሉኮሶቹ እርስ በርስ የተያያዙበት መንገድ ብቻ ነው፣ የስታርቹን ማያያዣ አልፋ የሴሉሎሱን ቤታ ይሉታል፣ እኛ የአልፋውን የሚቆርጥ ኤንዛይም (ምግብ የሚፈታ ፕሮቲን) አለን የቤታውን የሚቆርጥ ግን የለንም፣ ስለዚህ ከአንዱ ጤፍ ፍሬው ለእኛ ጭዱ ለከብት ይሆናል። ከብቷም ራሷ ኤንዛይሙ የላትም፣ እነ ፋይብሮባክተርና ሩሚኖኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው ጨጓራዋ ውስጥ ሆነው የሚቆርጡላት።

የእርስዎ ትል ዘመድ የሆነ ፓክኖዳ ኤፊፒያታ የሚባል የአፍሪካ ጥንዚዛ አለ፣ የጀርመን ተመራማሪዎች ትሉን አንጀቱን ከፍተው በደንብ አጥንተውታል። የመሀል አንጀቱ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፣ 7 መሀሉ ነው) ከ10 በላይ ነው፣ በጣም አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ)፣ እዛ ምግቡ ይላላል፣ ከዛ ወደ ኋላው ክፍል ሲያልፍ ፒኤቹ ወደ 7 አካባቢ ይወርድና ባክቴሪያዎቹ ተቀብለው ያብላሉታል፣ የሚወጣው አሴቴት (የኮምጣጤው አሲድ ማለት ነው) በአንጀቱ ግድግዳ ሰርጎ ለትሉ ጉልበት ይሆነዋል። እንደ ላሟ ሜቴንም ያወጣል። ደግሞ የሚበላው ገለባውን ብቻ አይደለም፣ ፍጉ ላይ የበቀለውን ሻጋታና ባክቴሪያም አብሮ ይፈጫል፣ ፕሮቲኑን የሚያገኘው ከዛ ነው።

ጎመኑን ይበላል ወይ ላሉት፣ ቀላል መለያ አለ። አንዱን ትል ያውጡና ለጥ ያለ ወለል ላይ ያስቀምጡት። ተገልብጦ በጀርባው፣ እግሩን ወደ ላይ አድርጎ መሄድ ከጀመረ (እውነቴን ነው፣ ልጆቹን ጠርተው ያሳዩዋቸው) ይሄ የበሰበሰ ነገር የሚበላው ወገን ነው፣ ፍጉን ያደቅልዎታል እንጂ ስር አይነካም። በጎኑ ተጠቅልሎ የሚቀር ወይም በሆዱ የሚሳብ ከሆነ ስር የሚበላው ዘር ሊሆን ስለሚችል ለዶሮ ይስጡት፣ ዶሮ ይወደዋል። አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ በጀርባው ከሚሄዱት ውስጥም አድጎ የሚያስቸግር አለ፣ በሰሜን ሸዋ ቆላና በአፋር የማሽላ እሸቱን ወተት ሲይዝ እየመጠጠ ገበሬ የሚያስለቅሰው ፓክኖዳ ኢንተራፕታ ልጅነቱን እንደዚሁ የበሰበሰ ነገር እየበላ አፈር ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። አዘዞ ላይ ጎመን ለተከለ ሰው ግን ይሄ አያሳስብም።

ጥያቄ (የባዮቴክኖሎጂ የመጨረሻ አመት ተማሪ፣ ጎንደር)፦ ከበሰበሰ ባህር ዛፍ ጉቶ ውስጥ የጥንዚዛ ትሎች ለቅሜ ከአንጀታቸው ሴሉሎስ የሚያፈርስ ባክቴሪያ ለይቻለሁ። ሲኤምሲ (የተለወጠ ሴሉሎስ) ባለው አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ጄል) ላይ አሳድጌ ኮንጎ ሬድ የሚባል ቀይ ቀለም ሳፈስበት በኮሎኒዎቹ ዙሪያ ነጣ ያለ ክብ ወጣ። አብዛኞቹ ባሲለስ ይመስላሉ። አድቫይዘሬ ሲያየው "እና ምን ይጠበስ?" አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ወንድሜ አድቫይዘርህ አነጋገሩ ደስ አይልም እንጂ ጥያቄው ልክ ነው።

ክቡ ምን እንደሚል እንይ። ኮንጎ ሬድ ረጅም የሴሉሎስ ሰንሰለት ላይ ይጣበቃል፣ ሰንሰለቱ የተቆረጠበት ቦታ ሲታጠብ ይለቃል፣ ለዛ ነው የሚነጣው። ቲዘርና ዉድ በ1982 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ዘዴ ነው፣ እነሱም የተጠቀሙበት ለከብት ጨጓራ ባክቴሪያ ነበር፣ 0.1 ፐርሰንት ቀለም 15 ደቂቃ ከዛ በ1 ሞላር የጨው ውሃ ማጠብ፣ አንተም ይሄንኑ ነው ያደረግከው መሰለኝ። ዘዴው ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ችግሩ ሲኤምሲ ሴሉሎስ ነው ብለህ ስታምን ነው። ሲኤምሲ በኬሚካል ተለውጦ ውሃ ውስጥ እንዲሟሟ የተደረገ ሴሉሎስ ነው፣ ልል ነው፣ ጉቶው ውስጥ ያለው ግን ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው ክሪስታል የሰሩ፣ በሄሚሴሉሎስና በሊግኒን (የእንጨቱ ማጣበቂያና ማጠንከሪያ) የተለሰኑ ናቸው። እሱን ለማፍረስ ቢያንስ ሶስት አይነት ኤንዛይም ተባብሮ መስራት አለበት፣ ኢንዶግሉካኔዝ መሀሉን ይቆርጣል፣ ኤክሶግሉካኔዝ ከጫፉ ሁለት ሁለት ግሉኮስ (ሴሎባዮስ ይባላል) እያደረገ ይነቅላል፣ ቤታ ግሉኮሲዴዝ ደግሞ ሁለቷን ለአንድ አንድ ይለያቸዋል። ያንተ ክብ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ብዙ ባሲለስ ኢንዶግሉካኔዝ ያመነጫል፣ እንጨት ስጠው ብትለው ግን ዝም ነው የሚለው።

ስለዚህ ቀጣዩ ስራህ ቀላል ነው፣ ፊልተር ፔፐር ቁረጥና ሌላ ምንም የካርቦን ምንጭ የሌለው ፈሳሽ ውስጥ አስገባ፣ ባክቴሪያህን ጨምርበት፣ ጠብቅ። ወረቀቱ ከሳሳ ከተበጣጠሰ ወሬ አለህ። ካልተነካም ወሬ አለህ፣ "ሲኤምሲ ላይ ክብ የሰሩት ወረቀት ላይ አልሰሩም" ብሎ መጻፍ አሪፍ ውጤት ነው፣ ክቡን ብቻ ለክቶ "ለባዮኢታኖል ተስፋ ሰጪ" ብሎ ከሚዘጋ ቴሲስ በእኔ ቤት አስር ጊዜ ይሻላል። የወጣውን ስኳር በዲኤንኤስ (ስኳር ሲያገኝ ቀለሙ የሚቀየር ኬሚካል) መለካት ከቻልክ ደግሞ ጨምረው።

ሁለተኛው ነገር፣ ባክቴሪያው የትሉ ነዋሪ ነው ወይስ መንገደኛ? ባሲለስ ስፖር (ሙቀትና ድርቀት የሚቋቋምበት የእንቅልፍ መልክ) ይሰራል፣ አፈር ላይ አለ፣ እንጨቱ ላይ አለ፣ ትሉ ሲበላ አብሮ ገብቶ በሌላው በኩል ይወጣል፣ አጋርህ ላይ ግን አየር ስላለ ከሁሉም ቀድሞ ያድጋል። አንጀቱ ውስጥ ዋናውን ስራ የሚሰሩት ብዙዎቹ ኦክስጅን የሚገድላቸው ናቸው፣ አንተ ፔትሪ ዲሹን ክፍት ኢንኩቤተር ውስጥ ስታስቀምጥ እነሱ ሞተዋል። ሻማ አብርቶ ጃር ውስጥ መዝጋት ይረዳኛል እንዳትል፣ ሻማው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይጨምራል እንጂ ኦክስጅኑን አይጨርሰውም፣ ጋዝ ፓክ (ኦክስጅኑን የሚመጥ ከረጢት) ያለው አናኤሮቢክ ጃር ከየትም ብለህ ፈልግ። ትሉን ስትከፍት የመሀሉንና የኋላውን አንጀት ለየብቻ አድርግ፣ ቆዳውን በ70 ፐርሰንት አልኮል ካጠብክ በኋላ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃ ራሱን አጋር ላይ ዝራው፣ ከሱ ላይ የሚበቅል ካለ ቆዳው አልጸዳም ማለት ነው። የጉቶውንም እንጨት ፈጭተህ ዝራ፣ እንጨቱና አንጀቱ ላይ የበቀለው አንድ አይነት ከሆነ መንገደኛ ሳይሆን አይቀርም። በነገራችን ላይ የአንጀት ነዋሪ ሆነው በደንብ የተገለጹ አሉ፣ ለምሳሌ ፕሮሚክሮሞኖስፖራ ፓክኖዴ የሚባለው ስሙን ያገኘው ፓክኖዳ ማርጊናታ ከሚባል ጥንዚዛ ትል የኋላ አንጀት ስለተገኘ ነው።

ሶስተኛውን ደግሞ ከጎንደር ውጭ ያለ ሰው ላይነግርህ ይችላል። አጋሩን በምንድን ነው ያጸዳኸው? የግፊት ድስት አይነት ትንሽ ኦቶክሌቭ ከሆነ መጽሐፉ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 15 ፒኤስአይ ላይ ሲደርስ 121 ዲግሪ ነው ይልሃል፣ ያ ባህር ጠለል ላይ ነው! እኛ ከ2,100 ሜትር በላይ ነን፣ የከተማችን የአየር ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ጌጁ 15 ሲል ውስጡ 117 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 121 ለማምጣት ወደ 18 ከፍ ማለት አለበት (ድስቱ የሚችለው ከሆነ ብቻ፣ መለያው ላይ የተጻፈውን ሳታይ እንዳትሞክረው፣ ካልቻለ ሰዓቱን አርዝም)። በ117 ሊተርፍ የሚችል ስፖር የማን ነው? የባሲለስ። ባዶ ፕሌት፣ ምንም ያልተዘራበት፣ ከሌሎቹ ጋር ኢንኩቤተር ውስጥ አስቀምጥ፣ እሱም ላይ ባሲለስ ከበቀለ ባሲለሱ የመጣው ካልጸዳው አጋር እንጂ ከጉቶው ወይም ከትሉ ላይሆን ይችላል። መብራት ሲጠፋ ኢንኩቤተሩ ስንት ሰዓት እንደቀዘቀዘም መዝግብ፣ ሁሉም ላይ የሚደርስ ነገር ስለሆነ አያሳፍርም።

ይሄን ይዘህ ሂድ፣ "እና ምን ይጠበስ" ካለ የሚጠበስ አለህ።

ጥያቄ (የቤት እቃ ሰሪ፣ ፒያሳ አካባቢ)፦ ከቀርከሃና ከሌላ እንጨት አልጋና ወንበር እሰራለሁ። ከወራት በኋላ ደንበኛ ተመልሶ ይመጣል፣ ስሩ በየቀኑ ዱቄት ይፈሳል፣ ጥቃቅን ክብ ቀዳዳ ሞልቶታል ይላል። ላምባ አፈሰስንበት፣ ይቆምና እንደገና ይጀምራል። ይሄም ባክቴሪያ ያለው ትል ነው?

መልስ፦ ጋሼ ይሄኛው የሚገርም ነው፣ ይሄ ትል እንጨት እየቦረቦረ ይኖራል እንጂ ሴሉሎሱን መፍጨት አይችልም! የሚፈልገው ነጩ የእንጨት ክፍል ውስጥ የተጠራቀመውን ስታርችና ስኳር ነው፣ እሱን ለማግኘት እንጨቱን ሁሉ ያኝካል፣ ስታርቹን ወስዶ ሴሉሎሱን እንዳለ በዱቄት መልክ ያወጣዋል። የሚፈሰው ዱቄት እንደዛ የበዛው ለዛ ነው፣ አብዛኛው እንጨት ሳይፈጭ ነው የሚያልፈው። ላይክተስና ዘመዶቹ ናቸው፣ ቀርከሃ ላይ ደግሞ ዲኖደረስ የሚባለው። የተለመደው የአፈር ምስጥ ቢሆን እንዲህ ዱቄት አያፈስም፣ የጭቃ መሹለኪያ ነው የሚሰራው።

ይሄን ማወቅ ለእርስዎ ብር ነው። ስታርች ከሌለ ትል የለም ማለት ነው። ቀርከሃውን ከተቆረጠ በኋላ ለሳምንታት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ስታርቹን ያወጣዋል፣ ውሃው ይሸታል፣ ይሽተት። ከሌላው እንጨት የመሀሉን ጠቆር ያለውን ክፍል ይጠቀሙ፣ ነጩን ጠርዝ ለማይታይ ቦታ እንኳን አያስገቡ፣ ዱቄቱ የሚጀምረው ከዛ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው የእንጨቱ ጥቃቅን ቀዳዳ ውስጥ ስለሆነ ቫርኒሹ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከስርም፣ ከመጋጠሚያውም፣ ከተቆረጠው ጫፍም መቀባት አለበት፣ እኛ ሀገር ከስር የሚቀባ አናጢ ስንት አለ? የተጀመረውን ለማቆም ሙቀት ያዋጣል፣ ለኤክስፖርት የሚሄድ የእንጨት ማሸጊያ በአለም አቀፍ ደንብ የሚታከመው መሀሉ ድረስ 56 ዲግሪ ደርሶ 30 ደቂቃ ሲቆይ ነው። ላምባው የነካውን ይገድላል ውስጥ ያለውን አይደርስበትም፣ ቤት ውስጥ ደግሞ እሳት ነው፣ ይተዉት።

ጥያቄ (ከቀበሌ 14)፦ ባክቴሪያው ነው እንጨቱን የሚበላው ካላችሁ ቴትራሳይክሊን በውሃ በጥብጦ እንጨቱን መቀባት አይሻልም?

መልስ፦ ሃሃ፣ ሀሳቡ ቀልጣፋ ነው፣ ግን በፍጹም! አንደኛ ከላይ እንዳየነው የአልጋው ትል በባክቴሪያ አይደለም የሚኖረው። ሁለተኛ መድኃኒቱን እንዲህ ከረጨነው መድኃኒት የለመደ ጀርም ነው የምናረባው፣ ነገ ልጅ ሲታመም የሚፈለገው ያው ኪኒን ነው። ሶስተኛ ብዙ እንጨት በል ትሎች የራሳቸው ሴሉሌዝ (ሴሉሎስ የሚቆርጥ ኤንዛይም) አላቸው፣ በራሳቸው ጂን የሚሰሩት። እስከ 1990ዎቹ ድረስ ነፍሳት ሴሉሎስ የሚፈጩት አንጀታቸው ውስጥ ባሉ እንግዶቻቸው (እንደ ባክቴሪያ ባሉ ረቂቅ ህዋሳት) ብቻ ነው የሚል ነበር የሚበዛው፣ በ1998 እ.ኤ.አ. የምስጥ የራሱ ሴሉሌዝ ጂን ከተገኘ በኋላ ነገሩ ተቀየረ፣ ረጅም ቀንድ ያላቸው ጥንዚዛዎችም በሽ የሚሆን ኤንዛይም ከራሳቸው ያመነጫሉ፣ አንዳንዱን ጂን ደግሞ ድሮ ከባክቴሪያ ወይም ከፈንገስ ወስደው የራሳቸው አድርገውታል።

ጥያቄ (የቤተክርስቲያን አገልጋይ፣ ጎንደር ዙሪያ)፦ እቃ ቤታችን ያሉ የብራና መጻሕፍት የእንጨት ገበታቸው በትል ተበስቷል። ቀዳዳው አልፎ ቅጠሉንም የበሳው አለ። አንዳንዱ ብራና ደግሞ ጠርዙ ተልጦ ተበልቷል። አንድ ትል ነው ወይስ ሁለት? ምን እናድርግ?

መልስ፦ አባቴ ይፍቱኝ፣ ሁለት ይመስለኛል። ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው፣ ቆዳ ፕሮቲን ነው፣ ኮላጅን የሚባል፣ ሴሉሎስ የሚባል ነገር የለበትም። ገበታው ደግሞ እንጨት ነው። ገበታውን የበሳው የእንጨቱ ትል ነው፣ አድጎ ጥንዚዛ ሆኖ ሲወጣ ፊት ለፊቱ ያገኘውን እየበሳ ይወጣልና ቅጠሉ ላይ ያዩት ክብ ቀዳዳ መውጫው ሊሆን ይችላል፣ ብራናውን ሊበላ ፈልጎ አይደለም። ጠርዙን የላጠው ግን ቆዳ የሚበላ ደርሜስቲድ የሚባል ጥንዚዛ ትል ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ጸጉራም ትል ነው፣ እያደገ ሲሄድ የሚጥለው ጸጉራም ልጣጭ መደርደሪያው ጥግ ላይ ይገኛል፣ እሱን ይፈልጉ። ቆዳ ነጋዴዎች በደንብ ያውቁታል።

ለሁለቱም አንድ አይነት መድኃኒት የለም። መጀመሪያ የተበላውን ከጤነኛው ለዩ፣ ከስሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፉና ከሳምንት በኋላ እዩት፣ አዲስ ዱቄት ከፈሰሰበት ትሉ አሁንም አለ፣ ካልፈሰሰ ቀዳዳው የድሮ ሊሆን ይችላልና ባልተደረገ ነገር አትጨነቁ። ፍሊት ምናምን ብራናው ላይ እንዳይረጭ፣ ቀለሙን ሊያበላሸው ይችላል። ፀሐይ ላይም እንዳይሰጣ፣ እህል ሲነቅዝ እንደምናደርገው ይመስለናል ግን ብራና ሲደርቅ ይኮማተራል ይጣመማል። እቃ ቤቱን መጥረግ፣ ምንጣፉንና አሮጌ ቆዳውን ማውጣት፣ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ መድፈን፣ ይሄ ከመርዝ ይበልጣል። አዲስ ዱቄት ያለበትን ደግሞ በጥብቅ ፕላስቲክ ከረጢት ለይታችሁ የቅርስ ጥገና ባለሙያ እስኪያየው አቆዩት።

ጥያቄ (ከመተማ)፦ አባቴ እጣን ነው የሚሰራው። ዛፎቹ ቆመው ይደርቃሉ፣ ቅርፊቱን ስናነሳ ውስጡ ትል አለ። ትሉ ነው የሚገድለው?

መልስ፦ ወንድሜ ያየኸው ትል ረጅም ቀንድ ያለው ጥንዚዛ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፣ መተማ ላይ የእጣን ዛፍ የሚያጠቃው ኢዳክተስ ስፒኒፔኒስ የሚባል ዘር ተመዝግቧል። ይሄ ወገን ቅድም እንዳልኩት እንጨት ለመፍጨት የራሱ ኤንዛይም ካላቸው ውስጥ ነው፣ ባክቴሪያም አለው ግን በእነሱ ላይ ብቻ አይንጠለጠልም። የዛፉን ምግብ የሚያመላልሰውን ክፍል ሲቆርጠው ዛፉ ቆሞ ይደርቃል።

ትሉ ብቻ ነው ወይ? አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ እዛው መተማ የተሰራ ጥናት አለ፣ ጉዳዩ እንዲሁ ከቀጠለ በ50 አመት ውስጥ የዛፉ ብዛት በ90 ፐርሰንት ሊቀንስ ይችላል ነው ያለው፣ የሚገርመው እጣን የሚወጣባቸው ብቻ ሳይሆኑ የማይነኩትም ቦታዎች ላይ መቀነሱ ነው፣ ምክንያቱም ትልልቆቹ በጥንዚዛና በሌላም ይሞታሉ፣ ከስር ደግሞ የሚተካ ችግኝ የለም፣ እሳትና ከብት አያሳልፉትም። አባትህ ማድረግ የሚችለው፣ የደረቀውንና ትል ያለበትን ግንድ ቆርጦ ጥንዚዛው ሳይወጣ ማቃጠል (እሳቱን ጠብቆ፣ ደኑን እንዳይነካ)፣ የደከመውን ዛፍ ለአመታት ሳይነኩ ማሳረፍ፣ ትንሽ ቦታም ቢሆን አጥሮ ችግኙን ከከብት መከለል። ከሶስቱ እኔ የመጨረሻውን ነው የማስቀድመው፣ ትሉን ሁሉ ብትጨርስ ችግኝ ከሌለ ዛፉ ያልቃል።

ጥያቄ (የ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ ማራኪ)፦ እበት የሚያንከባልለው ጥንዚዛ ልጁ እበቱን የሚፈጭበት ባክቴሪያ ከየት ያመጣል? እንቁላል ውስጥ ባክቴሪያ አለ እንዴ?

መልስ፦ አንቺ ጎበዝ፣ ይሄን ጥያቄ ትልልቅ ሳይንቲስቶችም ጠይቀውታል። ኦንቶፋገስ የሚባሉት የእበት ጥንዚዛዎች ላይ እንደተገኘው እናቲቱ የእበት ድቡልቡሏ ውስጥ እንቁላሏን ስታስቀምጥ ከራሷ አንጀት የወጣ ትንሽ ነገር አብራ ትተውለታለች፣ ልጁ ሲፈለፈል መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው። ለአዲስ ጎጆ ወጪ ልጇ እርሾ እንደምትቀዳላት እናት ማለት ነው። ያንን የተነፈገ ልጅ ይቀጭጫል። ሌላ ደግሞ ልንገርሽ፣ ነፍሳት ቆዳቸውን ሲቀይሩ የኋላ አንጀታቸው ውስጠኛ ሽፋንም አብሮ ይወልቃል፣ እሱ ላይ የተጣበቁት ባክቴሪያዎችም ይሄዳሉ፣ ስለዚህ በየጊዜው ከዛው ከተቀመጡበት ኩስና እበት እንደገና መብላት አለባቸው። ሲነገር ያስጠላል፣ ለትሉ ግን ህይወቱ ነው።

ጥያቄ (ከቆላድባ)፦ ይሄን ሴሉሎስ የሚበላ ባክቴሪያ አርብቶ ጣና ላይ እምቦጩ ላይ መርጨት አይቻልም?

መልስ፦ አይሆንም፣ ምክንያቱ ደግሞ ባክቴሪያ ስለጠፋ አይደለም። ባክቴሪያው አንጀት ውስጥ ስራ የሚሰራው ምግቡ ታኝኮ ስለሚቀርብለት፣ ኦክስጅኑ ስለሌለ፣ ፒኤቹ ስለተስተካከለ ነው፣ ከዛ አውጥተህ ሀይቅ ላይ ብትበትነው ህያው ቅጠል ላይ ምንም አያደርግም። እንበልና ሰራ፣ በአንድ ጊዜ የሞተ እምቦጭ ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ አሳው ያልቃል። እምቦጭ ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታየ ጀምሮ እናንተ ደንቢያዎች በእጃችሁ ስትነቅሉት ነው የኖራችሁት፣ ነቅላችሁ ዳር ላይ የከመራችሁት ግን ለባክቴሪያው ተመራጭ ነው፣ ከትፎ ከእበት ጋር ቀላቅሎ ባዮጋዝ ጉድጓድ ውስጥ መጨመር፣ እበቱ ባክቴሪያውን ይዞ ይመጣል፣ ከጥንዚዛ ትል መፈለግ አያስፈልግም። ከዘጠና ፐርሰንት በላይ ውሃ ስለሆነ ግን ትንሽ ሳይጠወልግ ማጓጓዝ ድካም ነው።

ህያው እምቦጭ ላይ የሚሰራ ጥንዚዛ ግን አለ፣ ኒዮኬቲና የሚባል፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ እምቦጩ ከመጣበት ሀገር ማለት ነው። ትልቁ ቅጠሉን እየፋቀ ይበላል ትሉ ግንዱን እየቦረቦረ ውሃ ያስገባበታል፣ ቪክቶሪያ ሀይቅ ላይ በ1990ዎቹ ተለቆ ከሌሎች ነገሮች ጋር ሆኖ እምቦጩን ቀንሶታል። አመታት ይፈልጋል፣ ፈጽሞ አያጠፋውም፣ አዲስ ነፍሳት ሀገር ውስጥ ከመልቀቅ በፊት ደግሞ ሌላ ተክል እንደማይነካ በምርምር መረጋገጥ አለበት፣ ስለዚህ ከሰው ተቀብላችሁ ራሳችሁ እንዳትለቁት።